በድጓ ምልክት የተጻፈው ሸክላ

ባለፈው ዓመት ለአንድ ሳምንት ሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ፔዳ አካባቢ፣ ተማሪዎች ከሚሞሏቸው ካፌዎች በአንዱ ተቀምጬ ማኪያቶ አዝዤ ስጠብቅ፣ ከጣራው ሥር ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ያቺ ሴትዮ መዝፈን ጀመረች። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳትጨርስ ሁለተኛውን የኔ ከንፈር ብሎት ነበር። ዙሪያዬ ያሉት ልጆች ስልካቸውን እያዩ ይሳሳቃሉ። አንዱማ "ይቺ ደግሞ የማን ቀብር ላይ ናት?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ልጁን በጥፊ ማለት አማረኝ። ምን አጠፋ? ምንም። ማኪያቶው ሳይመጣ ተነሥቼ ወጣሁ።

የዘፋኟን ስም አልጠራም፤ ስጠራው አፌን ይመረኛል። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ድሮ ሞታለች። እኛ ቤት የነበረው ሸክላዋ አንድም አዲስ ዘፈን አልነበረበትም። እናቴ እንደነገረችኝ ዐሥራ ሁለቱም ከሷ በፊት ሌሎች የተጫወቷቸው፣ በአገራቸው ሰው ሁሉ በየሠርጉና በየሆቴሉ የሚያንጎራጉራቸው የቆዩ ዘፈኖች ናቸው። እሷ ስቱዲዮ ገብታ፣ አንድ ፒያኖና አንድ ጥሩምባ አስከትላ፣ በራሷ አካሄድ እንደገና አለቻቸው። በዚህ የተነሣ ሰው ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?

ሸክላው የአባቴ ነበር። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ለሥራ አስመራ ሄዶ ሳለ ከነማጫወቻው ገዝቶት መጣ። ሽፋኑ ላይ ሴትዮዋ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። እኔ ጆሮዋን ያመማት ይመስለኝ ነበር። የምታለቅሰውም ለዚያ ነው ብዬ ደምድሜ፣ እናቴ ለጆሮ ሕመም የምትቀባኝን ዘይት ሽፋኑ ላይ ቀብቼ ቁጣ ቀምሻለሁ። ቅባቱ ሳይለቅ ቀረ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ስንኖር፣ አሰሳ የበዛበት ዓመት ነበር። አባቴ በበጋው ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምቷል። እናቴ ወይዘሮ ጽጌ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚያው ፋብሪካ ቢሮ ታይፒስት ሆና ትሠራለች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ክረምቱን ቤት ውያለሁ።

ሸክላውን የምንሰማው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነበር። በፋብሪካው የውይይት ክበብ አንድ ካድሬ ስለ ኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግሮ ስለነበር እናቴ ጎረቤት ይሰማል ብላ ትፈራለች። የባሕር ዳር ክረምት ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይጠቁራል፣ ነፋሱ የረጠበ ደንገል ሽታ ይዞ ይገባል፣ ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ያኔ እናቴ ማጫወቻውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ትከፍተዋለች። ዝናቡ ቀነስ ሲል መርፌው ያለበትን ክንድ ታነሣዋለች፤ ሴትዮዋም ቃሏን ሳትጨርስ ትቀራለች። ስለዚህ ለኔ ሴትዮዋ ዝናብ ውስጥ የምትኖር ሰው ነበረች።

አንድ ነገር ግን ያሳስበን ነበር። የማጫወቻው መርፌ አርጅቷል። ባሕር ዳር ቀርቶ አዲስ አበባም ምትክ አልተገኘም። እናቴ "መርፌው ሸክላውን እየበላው ነው" ስትል እኔ እንደ አይጥ የሚበላ መሰለኝ። በዞረ ቁጥር ከዘፈኑ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ የሚውጥ። አባቴ ሲመለስ ባዶ ሸክላ ሊያገኝ ነው ብዬ እየተጨነቅሁ፣ እናቴ ስትከፍተው "ተይው፣ አታስበዪው" እያልሁ እለምናት ነበር። እሷ ግን ሳትሰማው መዋል አትችልም። ከአባቴ ደብዳቤ ከመጣ ሦስት ወር አልፎታል።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሳይታሰብ ቀጥ አለ፤ እናቴ ክንዱን አነሣች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ማጫወቻውን በጋቢ ሸፍና በሩን ከፈተች።

ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ያለችውን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። መሪጌታ በሐይቁ ካሉት ደሴት ገዳማት በአንዱ ሃያ ዓመት ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የደሴቱ ርጥበት ጉልበታቸውን ሲይዛቸው ወደ ከተማ ወጡ። ለየአብያተ ክርስቲያናቱ ብራና እየጻፉ ይኖራሉ። ግቢው ውስጥ ከሰላምታ በቀር አይናገሩም፤ እኔም እፈራቸዋለሁ።

"እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ጽጌ" አሉ፤ "ያችን ሴት አቋረጧት እኮ።"

"የቷን ሴት?"

"ከግድግዳው ማዶ የምታዜመውን።"

"እሱማ ሬዲዮ ነው፣ መሪጌታ።"

"ሬዲዮ ሁልጊዜ አንድ ቃል ላይ ሲደናቀፍ ሰምቸ አላውቅ" አሉ። እውነትም ሸክላው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጭረት ነበረበት። "አይፍሩ። እኔ ለማን እነግራለሁ? አንድ ነገር ልጠይቅ ብየ ነው የመጣሁ። ከማን ጉባኤ የዋለች፣ የማን ተማሪ ናት?"

እናቴ ሳቀች። ከፍርሃት የወጣ ሳቅ ነው። መሪጌታን አስቀመጠቻቸውና እያስረዳቻቸው ሄደች፦ አሜሪካዊት ናት፤ ጉባኤ የላትም፤ ዜማውም ቃሉም የሌሎች ነው። መሪጌታ ይህን ጊዜ ግራ ተጋቡ።

"ቃሉም የሷ አይደል፣ ዜማውም የሷ አይደል። ታዲያ የሷ ምኑ ነው?"

"አካሄዱ።"

"እኛ ዘንድ አካሄድ የጨመረ ይገሠጻል" አሉ መሪጌታ። ቀጠል አድርገውም "ከምቱ ወደ ኋላ ትቀራለች። ተማሪየ ብትሆን በመቋሚያ ነበር የምላት። ግን አውቃ ነው። ቀርታ ቀርታ፣ ጠፋች ስል፣ መድረሻው ላይ አገኛታለሁ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሣችኝ" አሉ።

በዚያ ክረምት እናቴ ያን ያህል ደስ ብሏት አላየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲዘንብ መሪጌታ ይመጣሉ። ዘፈን መስማት ለሳቸው ኃጢአት ነው፤ ይህን ያውቃሉ፤ በያንዳንዱ ቅዳሜ ከራሳቸው ጋር ሲከራከሩ እሰማ ነበር። በመጨረሻ ያገኙት መውጫ ይህ ነው፦ "ዘፈን የሚያስደንስ ነው። ይች ሴት ማንንም አታስደንስም። እንጉርጉሮ ነው፤ እንጉርጉሮ ደግሞ ከልቅሶ ወገን ነው፤ ልቅሶ አልተከለከለም።" እናቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማቸዋለች፣ ከሄዱ በኋላ ትስቃለች።

የመርፌው ነገር ሲነገራቸው ግን አልሳቁም። አንድ ዜማ የሚጠፋ ከሆነ ዝም ብሎ የሚያይ መምህር የለም። "እጽፈዋለሁ" አሉ። "ልጅቱ ቃሉን ትያዝ፣ እኔ ምልክቱን ላድርግ። አባቷ ሲመጣ ሸክላው ቢጠፋ እሷ ትልለታለች።"

እንዲህ ሆኖ የፈረንጅ አገር ዘፈን በቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓት ተማርሁ። መርፌው እንዳይበላው እያንዳንዱ ዘፈን በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ይሰማል። በሌላው ቀን እናቴ ሥራ ስትሄድ እኔ መሪጌታ ፊት ቁርበት ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ስንኝ እላለሁ፤ ስሳሳት "ድገሚ"፤ ስደግም ደግሞ "አትጩሂ፣ ቃሉን አስቀምጪው።" ትርጉሙን አላውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም። እንግሊዝኛውን እንደሰሙት በአንድ ደብተር ላይ በኛው ፊደል በጥቁር ቀለም ይጽፋሉ፣ ከፊደሉ በላይ የድጓውን ምልክት በቀይ ያደርጋሉ። ሴትዮዋ ድምፅዋን የምትይዝበት ላይ አንዲት ነጥብ፣ የምትቆርጥበት ላይ ጭረት፣ ድምፅዋ እየተንከባለለ የሚወርድበት ላይ ተከታታይ ነጠብጣብ። ነጠብጣቦቹ ዝናቡ መሰሉኝ። ዝናቡንም ጭምር የሚጽፉ መስሎኝ፣ አንድ ቀን ሳይዘንብ ነጠብጣብ ሲያደርጉ አይቼ "ዛሬ እኮ አልዘነበም፣ የኔታ" አልኋቸው። አልገባቸውም።

ከጥላሸት የበጠበጡት ቀለም ሽታ፣ የብራና ሽታ፣ የሳቸው ጋቢ ሽታ። ጣታቸው ቀይ ነው። ሲታክተኝ ጆሮዬን ይቆነጥጡኛል፤ ስጎብዝ ግን ምንም አይሉም፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ደግ" አሉኝ፤ ያንን ቃል ይዤ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርሁት። በትምህርት ቤት ማንም እንዲህ በጥንቃቄ ሰምቶኝ አያውቅም።

እናቴ አንድ ቀን የሦስተኛውን ዘፈን ትርጉም ልትነግረን ጀምራ ነበር። "መንገድ ዳር ቆማ የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ሰውየው..." ስትል መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። "አይንገሩን። ዜማ ሳይዘለቅ ትርጓሜ አይጀመርም። ትርጓሜው ከፍልሰታ በኋላ ይሁን።" እናቴ እሺ ብላ ተወችው።

በዚሁ መሐል ነው የፋብሪካው ሂሳብ ሹም ቤት የሆነው የሆነ። የሂሳብ ሹሙ ልጅ ከኔ አንድ ዓመት ያንሳል። ሰፈር ውስጥ ሲጫወት "አጎቴ እኮ ኮርኒስ ውስጥ ነው የሚተኛው" ብሎ ተናገረ። በማግስቱ አጎትየውም አባትየውም ተወሰዱ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አስቀምጣኝ ትምህርት ጀመረች።

"ማንም ሰው ምንም ቢጠይቅሽ፣ ምንድን ነው የምትዪው?"

"አላውቅም።"

"ቤታችሁ ሸክላ አለ?"

"አላውቅም።"

"እናትሽ ምን ትሰማለች?"

"አላውቅም።"

"መሪጌታ ምን ያስተምሩሻል?"

"አላውቅም።"

"ስምሽ ማን ነው?"

"አላውቅም።"

እዚህ ላይ ሳቋ መጣ። "ስምሽንስ እወቂ፣ ሰናይት" አለችና ራሴን ሳመችኝ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ማታ ማታ ከእራት በፊት እንለማመዳለን፤ ሳልንተባተብ ከጨረስሁ አንድ ማንኪያ ስኳር በመዳፌ ታደርግልኛለች። ስኳር በራሽን ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓይኔን ሳላርገበግብ ማለት ቻልሁ። ከዘፈኖቹ ሁሉ ቀድሜ የጨረስሁት ይህን ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛውን ዘፈን ጽፈን የጨረስነው ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። መሪጌታ በፍልሰታ እንኳን እንጉርጉሮ ሌላም ነገር ስለማይሰሙ ጥድፊያ ነበረብን። መርፌውም ጠብቆን ይመስል በዚያው ቅዳሜ አለቀ፤ ሸክላው ላይ ሲቀመጥ ሽንኩርት የሚጠበስ ድምፅ ብቻ አወጣ። እናቴ ክንዱን አነሣችና "በቃ" አለች። እኔን ግን አላሳዘነኝም። ሁሉም ደብተሩ ውስጥ ነበር፤ ሁሉም አፌ ውስጥ ነበር።

መሪጌታ ለብራና ጽሑፍ እንደሚያደርጉት የመጀመሪያውን ገጽ ባዶ ትተውት ነበር። "መጽሐፍ ባለቤት አለው" አሉና የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። ከእናቴ፣ ከክርስትና እናቴና ካጠመቁኝ ቄስ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በጆሯቸው ነገርኋቸው። በቀይ ቀለም፣ በትልቁ፣ "ዝንቱ መጽሐፍ ዘወለተ ኪዳን" ብለው ጻፉ። የቆዳ ሽፋን ላብጅለት ብለው ደብተሩን እሳቸው ዘንድ አስቀሩት። ምነው ባላስቀሩት።

ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጧት፣ ቀበሌው ግቢያችንን ለአሰሳ ከበበው። ሁላችንም ወጥተን ጭቃው ላይ ቆምን። ሊቀመንበሩና ሦስት አብዮት ጥበቃዎች ናቸው። መጀመሪያ እኛ ቤት ገቡ። ሸክላው ፍራሽ ሥር ነበር። ሊቀመንበሩ ግድግዳው ላይ የአባቴን የዘማች ፎቶግራፍ ሲያይ "የዘማች ቤት ነው" ብሎ ወዲያው ወጣ። የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ሲላላ ተሰማኝ።

ከመሪጌታ ክፍል ግን ደብተሩን ይዘው ወጡ።

ሊቀመንበሩ ገልብጦ ገልብጦ አየው። "ይኸ ምንድን ነው?"

መሪጌታ የሚያዩት ሊቀመንበሩን ሳይሆን ከአብዮት ጥበቃዎቹ አንዱን ነው። ይበልጣል ይባላል። በደሴቱ ሰባት ዓመት ድጓ የተማረባቸው ደቀ መዝሙራቸው ነው፤ አብዮቱ ሲመጣ ትምህርቱን ትቶ ጠመንጃ ያዘ። አሁን እንደማስበው መሪጌታ ያን ጊዜ ጠመንጃውን አልፈሩም። ያፈሩት ተማሪያቸውን ነው። የያሬድን ምልክት ለዘፈን ማዋላቸውን እንዴት በሱ ፊት ይናገሩት?

"አንተ ቄስ ትምህርት ቤት ነበርህ" አለው ሊቀመንበሩ፤ "አንብበው።"

ይበልጣል አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። "ምልክቱ የድጓ ነው" አለ። "ቃሉ ግን ግዕዝም አይደል፣ አማርኛም አይደል።"

"አገውኛስ?"

"አገውኛም አይደለም" አለ ሌላው ጥበቃ፤ እሱ የአገው ልጅ ነው።

"ወለተ ኪዳን ማን ናት? የድርጅት ስም ነው?"

ያን ጊዜ በህቡዕ ያሉ ሰዎች የሚጠሩበት ሌላ ስም እንደነበራቸው ዛሬ ሁሉም ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር። ስሜ ሲጠራ ልቤ ዘለለ፤ ደስ ያለኝም ይመስለኛል።

መሪጌታ በመጨረሻ ተናገሩ። "እንጉርጉሮ ነው። ዘፈን ነው።"

ቀድሞ የመለሰው ይበልጣል ነው። "የኔታ ዘፈን አይጽፉም" አለ ለሊቀመንበሩ። "እኔ ሰባት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። በሠርግ ቤት በር ሲያልፉ ጆሯቸውን የሚይዙ ሰው ናቸው። ይኸ ሌላ ነገር ነው።" ለመምህሩ ክብር የተከራከረ መስሎታል። በሙሉ ልቡ ነው ያለው። ከጠላትነት ተናግሮት ቢሆን ሊቀመንበሩ ይጠራጠር ነበር።

መሪጌታ ወደኔ ዞሩ። "ይች ልጅ ታዜመዋለች። እሷ ትበልላችሁና ፍረዱ። ልጄ፣ ሦስተኛውን በይላቸው። አትፍሪ።"

ሁሉም እኔን አዩኝ። የእናቴ ጣቶች ትከሻዬን ነከሱት። ሊቀመንበሩ ጉልበቱን አጥፎ እኩሌ ሆነ። ክፉ ፊት አልነበረውም።

"መሪጌታ ዘፈን አስተምረውሻል፣ የኔ ልጅ?"

"አላውቅም።"

"ምን ነበር የሚያስተምሩሽ?"

"አላውቅም።"

"ትንሽ እንኳ አትዪልንም?"

"አላውቅም።"

አልተንተባተብሁም። ዓይኔን አላርገበገብሁም። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት፤ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ስኳሬን እየጠበቅሁ ነበር።

መሪጌታ ለጥቂት ጊዜ እኔን፣ ከዚያ እናቴን ተመለከቱ። የገባቸው ያኔ ነው። "እውነቷን ነው" አሉ፤ "ከሌላ ልጅ ጋር አሳስቻት ነው። እርጅና ነው።"

"ወለተ ኪዳንስ?"

"የሞተች እህቴ ናት።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። መቋሚያቸውን ልያዝ ቢሉ ከለከሏቸው። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጉልበት፣ ያለ ምርኩዝ ከፊት ከፊት ሄዱ። ይበልጣል ደብተሩን በብብቱ አድርጎ ይከተላል።

እናቴ በሩን ዘግታ ሸክላውን ከፍራሹ ሥር አወጣችው። ከምድጃው ላይ አስቀመጠችው፤ ጠርዙ እየተጨማደደ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ቤቱ ለቀናት የማይለቅ መራራ ጭስ ሞላው። ሽፋኑንም ጨመረችበት። "ልንገራቸው? ሄጄ ልዝፈንላቸው?" አልኋት። በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም። "አንዲት ቃል ትንፍሽ ትዪና!" አለች፤ ከዚያ ወዲያው አቅፋኝ "ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያደርጓቸዋል፣ ሁለት ቀን ይዘው ይለቋቸዋል" አለችኝ። ለኔ ነው ለራሷ? ሸክላው እያለ ወጥታ "የኔ ነው፣ ይኸው" ብትል ኖሮ አንድ ቀን ታስራ ትወጣ ነበር ይሆናል። ላትወጣም ትችል ነበር። ፈርታ ነው። እኔም ፍርሃቷን ነው የታዘዝሁት። አልወቀስኋትም፤ ይቅር ብያታለሁ ብል ግን ውሸት ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርሁ። ትልቅ ሰው ከሄደ "ምንህ ናቸው?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ልጅ አይጠየቅም። የጾም ወጥ በሳህን፣ በጨርቅ ተቋጥሮ። በቀበሌው በር እሰጣለሁ፣ የትናንቱን ባዶ ሳህን እቀበላለሁ። ሳህኑ ተጠርጎ ይመለሳል። መሪጌታ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይቀምሱ አውቃለሁና፣ ርቧቸው ጠርገው የበሉት ይመስለኝ ነበር እንጂ ሌላ ሰው እየበላባቸው ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዐሥረኛው ቀን በሩ ላይ ይበልጣል ብቻውን ነበር። ስንቁን ከመስጠቴ በፊት መሬት አስቀመጥሁት። እናቴ እንደምትገድለኝ እያሰብሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ መሪጌታ እንዳስተማሩኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሦስተኛውን ዘፈን ጀመርሁ።

ይበልጣል መጀመሪያ ዝም እንድል እጁን አነሣ። ከዚያ እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ደብተሩን አንብበህ ፍታ ተብሎ ለቀናት ሲፈትሸው ከርሟል፤ እያንዳንዷን ነጥብና ጭረት ያውቃታል። ድምፄን ስይዝ ይይዛል፣ ስቆርጥ ራሱን ይነቀንቃል። ነጠብጣቡ የሚወርድበት ቦታ ስደርስ ከኔ ቀድሞ ከንፈሩ ወረደ። የመጨረሻውን ስንኝ አብሮኝ አለው፣ ከነቃሉ፣ በሹክሹክታ፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ። ሁለታችንም እኩል ጨረስን።

ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ለካ እውነታቸውን ነው" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ምነው ያን ለት..." አለና አልጨረሰውም።

"አሁን ይለቋቸዋል?" አልሁት።

"ትናንት ወሰዷቸው።"

"የት?"

መሬት ያስቀመጥሁትን ቋጠሮ አንሥቶ እጄ ላይ አደረገው። "ስንቁን ይዘሽ ተመለሽ፣ እቴ። ከንግዲህ አያስፈልግም። ለናትሽ እንዲህ በያት፤ ሌላ ለማንም እንዳትይ።"

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች። ቋጠሮው እንዳለ መመለሱን አየች። አስገብታኝ በሩን ዘጋች። ግድግዳው ማዶ ምንም ድምፅ የለም፤ ግቢው ግን ሰው ሞልቶታል፤ ልብስ የሚያጥቡ፣ እንጨት የሚፈልጡ። እንዲህ ለተወሰደ ሰው ማልቀስ ራሱ ወንጀል ነበር።

ቋጠሮውን ፈታችው። ሽሮና ጎመን ነው፤ እንጀራው አልቀዘቀዘም።

"ብንደፋው ያዩታል" አለች በዝግታ። "ብናለቅስም ይሰሙናል። ብዪ።"

እጇን ታጥባ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ በአፌ አደረገችልኝ፤ ሁለተኛውን ራሷ ጎረሰች። እስኪያልቅ ድረስ በላነው። እውነቱን ለመናገር ርቦኝ ነበር፤ ጣፈጠኝ።